ከሚክሰሩ ጀርባ የማን ጆሮ?

ሁርሊንግሃም፣ ናይሮቢ። አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ግቢ፣ ከምሳ በኋላ። ኪቦርዲስቱ ለብዙ ዓመታት በዚህ ከተማ የሐበሻ ክለቦች ሲጫወት የኖረ ነው። ተማሪዋ የእህቱ ልጅ ናት፤ የድምፅ ቀረጻ ትማራለች።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይኼን እየው እስቲ። ኬንያታ ገበያ ሸክላ ከሚሸጡት ዘንድ ነው ያገኘሁት። ሽፋኑ ጥግ ጥጉን ተልጧል እንጂ ሸክላው ጭረት የለበትም።

ኪቦርዲስቱ፦ አሃ!

ተማሪዋ፦ የባንዱን ስም ነው የጠራኸው ወይስ ገርሞህ ነው?

ኪቦርዲስቱ፦ ሁለቱንም። እነዚህን የኖርዌይ ልጆች የማያውቅ የኔ ዘመን ኪቦርድ ተጫዋች የት ይገኛል? «ሃንቲንግ ሃይ ኤንድ ሎው»፣ በፈረንጆቹ 1985፣ የመጀመሪያ አልበማቸው። «ቴክ ኦን ሚ» ሲጀምር ያለችውን ሩጫ ጣቱ ያልሞከራት የለም። ማግኔ ፉሩሆልመን ዜማዋን የፈጠራት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው አሉ። ኪቦርዱ ቀላል ነው፤ መከራው ድምፃዊው ላይ ነው። ሞርተን ሃርኬት በአንድ ዘፈን ከሁለት ኦክታቭ በላይ ይወጣል። እኛ ክለብ ውስጥ «ዝቅ አድርገህ ጀምርልኝ» የሚል ዘፋኝ ሲመጣ ዝቅ አድርጌ እጀምርለታለሁ፤ ታዲያ ታችኛው ኖታ ጉሮሮው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ተማሪዋ፦ እኔ ለዜማዋ ብዬ አይደለም የገዛሁት። ትምህርት ቤት የተሰጠን ሥራ አለ። አንድ አልበም መርጣችሁ ፕሮዲውሰሩ ምን እንደጨመረ፣ ምን እንደቀነሰ ጻፉ ተባልን። ይኼ አልበም ለዚያ ብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ከኦስሎ ተነስተው ለንደን ገቡ፤ ገንዘብ የለ፣ የሚያውቃቸው የለ። ኋላ ኮንትራት አገኙ። አብዛኛውን አልበም ያሠራቸው ቶኒ ማንስፊልድ ነው፤ የጊዜው ውድ ኮምፒውተር የነበረውን ፌርላይትን ይዞ። «ቴክ ኦን ሚ»ም መጀመሪያ በ1984 በሱ አሠራር ወጣች፤ እንግሊዝ ውስጥ ዞር ብሎ ያያት የለም። ቀጥሎ አለን ታርኒ እንደገና አስቀረጻቸው። እሷም መጀመሪያ ስትወጣ አልተሸጠችም። በእርሳስ ተስሎ የተሠራው የስቲቭ ባሮን ቪዲዮ ሲመጣ ነው፣ በኦክቶበር 1985 አሜሪካ ላይ አንደኛ የወጣችው።

ኪቦርዲስቱ፦ ቪዲዮው አዳናት በይኛ።

ተማሪዋ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ሁለቱን ቅጂዎች ተራ በተራ ስሰማቸው ሌላ ነገር አየሁ። የመጀመሪያዋ በኮምፒውተሩ ድምፅ ተጨናንቃለች፤ ዘፋኙ የሚቆምበት ቦታ ያጣ ይመስላል። ታርኒ ብዙ ነገር አልጨመረም። ልጆቹ ራሳቸው ቀርጸውት ወደነበረው ዴሞ ነው የተጠጋው። ከበሮው አሁንም የማሽን ነው፣ ሲንተሳይዘሩም ያው ነው። ክፍት ቦታ ግን አለ።

ኪቦርዲስቱ፦ እኔ ብሆን ጽሑፌን ከዚያ ነበር የምጀምረው። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ለዚህ ኖርዌይ ድረስ ምን አስሄደሽ? ጃኖ አለልሽ አይደል?

ተማሪዋ፦ «ኤርታሌ»ን ነው?

ኪቦርዲስቱ፦ እሱን ነዋ። በ2012 የወጣው። የእኛ አገር የሮክ ባንድ፣ በስቱዲዮ፣ በራሱ ስም። ይኼ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። እኛ ጋ አልበም የዘፋኝ ነው። ሮሃ ባንድ ስንት ካሴት ነው የሠራው? በመቶ የሚቆጠር! ሰላም ስዩም ጊታሩን፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን ይዘው የዚያን ዘመን ሙዚቃ ተሸክመውታል። ካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ግን የዘፋኙ ነው፤ የባንዱ ስም በደቃቅ ፊደል ከታች። ከዚያ የኛ ጊዜ መጣ፤ ኪቦርዱ ከበሮውንም ቤዙንም ትንፋሹንም ጠቅልሎ ያዘ። አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን፣ አንድ አልበም። እኔም እንጀራዬን የበላሁት በሱ ስለሆነ አልረግመውም። ጃኖ ሲመጣ ግን ሽፋኑ ላይ «ጃኖ» ነው የሚለው። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት፤ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለፃዲቅ፣ ሔዋን ገብረወልድ። ከኋላቸው ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ኪቦርድ በሰው እጅ።

ተማሪዋ፦ ፕሮዲውሰሩ ፈረንጅ ነበር አይደል?

ኪቦርዲስቱ፦ ቢል ላስዌል። የኒው ዮርክ ቤዝ ተጫዋች ነው። በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን የሠራው እሱ ነው፤ ያ ዘፈንም እንደ አ-ሃ በቪዲዮው ነው ዓለምን ያዳረሰው። ጃኖን ካቋቋሙት አንዱ አዲስ ገሠሠ ደግሞ ቀደም ሲል ከዚጊ ማርሊ ጋር የሠራ ሰው ነው። ይኼን ታሪክ ታውቂው የለ? ቺካጎ ዳሎል የሚባል የሐበሾች የሬጌ ባንድ ነበር። በ1988 በወጣው «ኮንሸስ ፓርቲ» ላይ ከዚጊ ኋላ ሆነው የተጫወቱት እነሱ ናቸው፤ አልበሙ ግራሚ በላ። እይው እንግዲህ፣ አንዱ ዳሎል፣ ሌላው ኤርታሌ። የኛ ሰው ጠንከር ያለ ሙዚቃ ሊሠራ ሲነሳ ለስም የሚወርደው አፋር ነው።

ተማሪዋ፦ ላስዌል የጂጂ ባለቤት የነበረው ነው?

ኪቦርዲስቱ፦ ያገባት ነው። እሷን ካነሳሽ ደግሞ ነገሩ እዚሁ ደጃችን ይመጣል። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። ከአገር ስትወጣ ለተወሰኑ ዓመታት የኖረችው እዚህ ኬንያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የተሻገረችው። ያኔ ናይሮቢ ሰው ቪዛ የሚጠብቅባት ከተማ ነበረች፤ ግማሹ ፎርም ሞልቶ ጥሪ የሚጠብቅ፣ ግማሹ ከአሜሪካ በሚላክለት ብር ቤት ኪራይ የሚከፍል። ሙዚቀኛውም ከዚያው ውስጥ ነው። አንድ ዘፋኝ ዓርብ ይዘፍንና በሚቀጥለው ዓርብ ስትጠይቂ «አውስትራሊያ ገባ» ትባያለሽ። ባንድ የሚባል ነገር እንዴት ይቁም? ቤዝ ተጫዋችሽ ቪዛ በመጣለት ቁጥር አዲስ ሰው ማስተማር ነው።

ተማሪዋ፦ አሁንም ያው ነው እኮ። እኛ ክላስ ካለነው ሐበሾች ግማሹ ሻንጣው አልተፈታም።

ኪቦርዲስቱ፦ እንግዲህ የጂጂን የ2001 አልበም ስሚው፤ ስሙም «ጂጂ» ነው። ያወጣው የክሪስ ብላክዌል ኩባንያ ነው፣ ፓልም ፒክቸርስ። ላስዌል ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርን፣ ፋሮ ሳንደርስን፣ ሄንሪ ትሬድጊልን ጠርቶ አስቀመጠላት። የጃዝ ንጉሦች ናቸው እነዚህ። አገር ቤት ስንቱ አኮረፈ! «ይኼ ምን ዓይነት ዘፈን ነው፣ ፈረንጅ አበላሸው» ያላለ አልነበረም። እኛ እዚህ በሲዲ ስንሰማው ሁለት ቦታ ተከፈልን። እኔ ያኔ ከሚያኮርፉት ወገን አልነበርኩም፣ ዛሬም አይደለሁም።

ተማሪዋ፦ ለምን?

ኪቦርዲስቱ፦ ድምፁ ስላልተነካ። ልጅቷ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እየሰማች ያደገች ናት፤ ያንን ንዝረት፣ ያንን ቃል ጎተት አድርጎ መልቀቅ ማንም አላስተካከለባትም። ሾርተር ሳክስፎኑን ሲያነሳ እሷ ስትጨርስ ነው የሚገባው እንጂ ላይዋ ላይ አይወጣም። ላስዌል የወሰደው ታችኛውን ነው፤ ቤዙን፣ ከበሮውን፣ አየሩን። ላዩን ለሷ ተወው። ኋላ በ2003 ያንኑ አልበም አፍርሶ በዳብ አሠራር «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና አወጣው። እዚያ ላይ እንደፈለገው ቆራርጦታል፣ ግን በሌላ ስም ነው። ይኼ አካሄድ ደስ ይለኛል። መቁረጥ ካማረህ ለብቻ ቁረጥ።

ተማሪዋ፦ ብላክዌል ግን የቦብ ማርሊንም እንደዚያው አላደረገም? «ካች ኤ ፋየር»ን ክላስ ውስጥ ሰምተነዋል። ጃማይካ የተቀረጸውን ቴፕ ለንደን ወስዶ በላዩ ጊታርና ኪቦርድ አስጫወተበት።

ኪቦርዲስቱ፦ 1973። ዌይን ፐርኪንስ ጊታሩን፣ «ራቢት» የሚሉት በንድሪክ ኪቦርዱን። የሮክ አድማጭ እንዲገባው ተብሎ። ያም እስከዛሬ ያከራክራል። ግን አየሽ፣ ቦብ ስቱዲዮው ውስጥ ነበረ፤ ፐርኪንስ ሲጫወት ቆሞ ይሰማ ነበር። ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ያ የውጭ ሰው ሚክሰሩ ላይ ሲቀመጥ ባለቤቱ ክፍሉ ውስጥ አለ ወይ?

ተማሪዋ፦ ማንም ምንም ሳይነካው የወጣም አለ። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»። በ1970ዎቹ ከአይቤክስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ የተቀረጸውን ነው ብራስልስ ያለው ክራምድ የተባለ አሳታሚ በ1986 ያወጣው። ከአ-ሃ በዓመት ልዩነት መሆኑ ነው። ፌርላይት የለም፣ የተጨመረ ጊታር የለም። አውሮፓ ውስጥ የኛን ሙዚቃ ብዙ ሰው የሰማው መጀመሪያ በሱ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ ብላ! እሱን ረስቼው ነበር። ግን እሱ ሌላ ነው። ያለቀለትን ሥራ ነው ያወጡት፤ ፕሮዲውሰር አላስፈለገም፣ መልካም ጆሮ ያለው አሳታሚ በቃ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሰምቶ ወደደው፣ እንዳለ ሰጣቸው። አዲስ ባንድ ስታሠሪ ግን ያ ዕድል የለሽም። ገና ያላለቀ ነገር ነው ፊትሽ የሚቀርበው።

ተማሪዋ፦ እሺ ጃኖስ? እዚያስ ላስዌል ላዩን ተወላቸው?

ኪቦርዲስቱ፦ ለኔ ጆሮ ግማሹን። አማርኛውን አልነካባቸውም፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። አ-ሃ ገና ሲጀምሩ በእንግሊዝኛ ነው የዘፈኑት፣ ፊታቸው ወደ ለንደን ስለነበር። የኖርዌይ ሰው ያኔ አራት ሚሊዮን ቢሆን ነው፤ የሚያዋጣቸው እሱ ነበር። የኛ አድማጭ እንግሊዝኛ ብትዘፍኚለት በጭብጨባ ሸኝቶ ይረሳሻል። ቃል ነው የሚሰማው። ዘፈን አስደምጠሽው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ግጥሙን ማን ጻፈው?» ብሎ ነው። እና ጊታሩ ሲወፍር፣ አራት ድምፅ ሲደራረብ፣ ቃሉ የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ነው ቅር ያለኝ።

ተማሪዋ፦ ይኼን አልቀበልህም ጋሼ። የአዲስ አበባ ሚክስ ድምፃዊውን ግንባርህ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ባንዱ ጓዳ ውስጥ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ሮክ እንደዚያ ከተሠራ ሮክ አይደለም። ድምፁ ከጊታሩ ጋር መታገል አለበት። ጃኖን ስሰማ ያስደሰተኝ እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ባንዱን ሳልፈልገው አገኘሁት።

ኪቦርዲስቱ፦ ቃሉ ሳይሰማ?

ተማሪዋ፦ ሁለቴ ስትሰማው ይሰማል። አንዴ ብቻ እንዲሰማ የተሠራ አልበም ምን ያደርጋል?

ኪቦርዲስቱ፦ አንቺ ደግሞ! እሺ፣ ድምፁን ተይውና ጊታሩን ልንገርሽ። እስክሪብቶሽን አምጪ፣ ሶፍቱ ላይ ልጻፍልሽ። ፓወር ኮርድ ማለት ምንድን ነው? ሥሩና አምስተኛው፤ ሦስተኛው የለም። ሦስተኛው ስለሌለ ሜጀር ነው ማይነር ነው ብሎ አይወስንብሽም። ለዚህ ነው ከቅኝት ጋር ቶሎ የሚስማማው። ትዝታን ውሰጂ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ከአምስቱ አራቱ ላይ ፓወር ኮርድ ብትሠሪ አምስተኛው እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ነው። ኢ ብቻ ነው የሚያስቸግር፣ ቢ ያስፈልገዋላ። አሁን አንቺሆዬን እይ፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ሲ ላይ ሥሪ እስቲ።

ተማሪዋ፦ ሲና ጂ... ጂ የለም። ጂ ፍላት ነው ያለው።

ኪቦርዲስቱ፦ ዋናው ኖታ ራሱ አልሠራም! ቀጥዪ።

ተማሪዋ፦ ዲ ፍላት፣ ኤ ፍላት ይፈልጋል፤ የለም። ኤፍና ሲ፣ አለ። ጂ ፍላትና ዲ ፍላት፣ አለ። ኤ፣ ኢ ይፈልጋል፤ የለም። ሁለት ብቻ።

ኪቦርዲስቱ፦ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ጊታሪስቱ ሳያስበው ወደ ትዝታ ያዘነብላል፤ እጁ እዚያ አይጋጭም። አንቺሆዬን የሰርግ ቤት ነው ብሎ ይተወዋል። ሊጠጋው ሲፈልግም ያንን ጂ ፍላት ሽቅብ ይገፋውና ጂ ያደርገዋል፤ በቃ፣ አምባሰልን የመሰለ ሌላ ነገር ሆነ፣ አንቺሆዬ ጠፋ። ይኼ ከኒው ዮርክ የመጣ ሰው ጥፋት አይደለም። መሣሪያው ራሱ ነው የሚጎትተው። ኪቦርዴም ያው ነበር። ማሲንቆ የሚመታ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ የሱ ኖታ ከኔ ነጭና ጥቁር ቁልፍ መሐል ይወድቃል። ማን ተስተካከለ? እሱ። እኔማ መስተካከል አልችልም፣ ፋብሪካ ዘግቶኛል።

ተማሪዋ፦ የአሁኑ ኪቦርድ ይስተካከላል እኮ። እያንዳንዱን ኖታ በጥቃቅን ልክ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ኪቦርዲስቱ፦ ይቻላል፤ ማን ያደርገዋል? ኤልያስ መልካን የመሰለ ሰው ያደርገው ነበር። በ2019 ባይሞትብን። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም ስሚው፤ እዚያ ፖፕ ሮክ የምትይው ነገር ሁሉ አለ፣ ግን ጊታሩ ለዘፈኑ ሲል ነው የገባው። ዘፈኑን ያወቀ አቀናባሪ ማለት እሱ ነው። የውጭ ጆሮ ሳይጠራ የውጩን ድምፅ ያመጣ።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ላስዌል ባይጠራ ይሻል ነበር ልትለኝ ነው?

ኪቦርዲስቱ፦ አላልኩም። ቤዙን ስሚው በዚያ አልበም ላይ! አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ እንደዚያ ወፍሮ ሲቀረጽ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ያንን ማን ያመጣው ነበር? እኔ የምለው፣ ለሰውየው የምትሰጪውን ቀድመሽ እወቂ ነው። ከበሮና ቤዝ ስጪው፣ ክፍሉን ስጪው፣ ማሚቶውን ስጪው። ቅኝቱንና ቃሉን ግን ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ጃኖዎች ቃሉን ጠበቁ። ቅኝቱን አንዳንዴ ጊታሩ ወሰደባቸው፤ ለኔ ጆሮ ነው የምልሽ። በ2018 «ለራስህ ነው»ን ሲያወጡ ያንን እየፈለግሁ ነበር የሰማሁት።

ተማሪዋ፦ እኔ ከአ-ሃ ጋር ሳስተያየው፣ እነሱ ጋ ቋንቋው ሄዶ ዜማው ቀረ። ታርኒ ዴሞውን ባይሰማ ኖሮ ዜማውም ተጨናንቆ ቀርቶ ነበር። እኛ ጋ ቋንቋው ቀረ፣ ዜማው ነው አደጋ ላይ ያለው። እንዲህ ብዬ ብጽፈው አስተማሪዬ ይገባዋል?

ኪቦርዲስቱ፦ አንቺሆዬን ከጻፍሽለት አይገባውም። ኮርዱን ሣዪለት፤ ሙዚቀኛ ከሆነ ያያታል።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ሌላም አለኝ። ነገ ስቱዲዮ ተይዞልናል። አንድ ባንድ ነው፤ ከበሮና ጊታሩ ኬንያውያን፣ ቤዙና ዘፋኟ ሐበሾች። ዘፈኑ አንቺሆዬ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ ኧረ በይ! ይኼን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ብለሽ?

ተማሪዋ፦ መጀመሪያ ልስማህ ብዬ ነው። ልጁ ጎበዝ ጊታሪስት ነው፤ ኮርዱን ሲመታ ያልከው ግጭት ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም ነበር። ጊታሩን ላውጣው እንዳልል፣ ያለሱ ዘፈኑ ባዶ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ አታውጪው። አምስተኛውን አስጥዪው። አንድ ኖታ ብቻ፣ ኤፍን ይያዝ፣ በዲስቶርሽን ያጉረምርም፤ በገና እንደሚደረደር ከታች ይቆይ። ዘፋኟ ላዩ ላይ እንደፈለገች ትሂድ።

ተማሪዋ፦ አንድ ኖታ ብቻ ይዞ ሮክ ይሆናል? ልጁም እሺ አይለኝ።

ኪቦርዲስቱ፦ ሁለቱ የሚሠሩባቸው ቦታዎች ሲመጡ ሙሉ ኮርዱን ይምታ በይው። ኤፍ ላይና ጂ ፍላት ላይ። ለነሱ እንዲጠብቅ ካደረግሽው ሲመታ ቤቱ ይናወጣል። ከበሮውስ?

ተማሪዋ፦ ችክችካውን ቀስ ብዬ ነው ያስተማርኩት። ስድስቱን ይቆጥራል፣ ግን ሁለተኛውን ምት ያከብደዋል። ኮምፒውተር ላይ ላስተካክለው እችላለሁ።

ኪቦርዲስቱ፦ እንዳታስተካክዪው! የልጁ አገር ምት ነው እሱ። ይግባ።

ተማሪዋ፦ አሁን ደግሞ አንተ የውጭ ጆሮ ፈቀድክ?

ኪቦርዲስቱ፦ ከበሮ ላይ አልኩሽ እኮ ቅድም። ነገ ማታ የቀረጻችሁትን አምጪልኝ።

ተማሪዋ፦ ሚክስ ሳላደርገው?

ኪቦርዲስቱ፦ ሳታደርጊው። ዘፋኟንም አብረሽ አምጫት፤ እኔ ስሰማ እሷ ትኑር።